የዓይነ ስውራን ዓለም አቀፍ የስፖርት ውድድር አዘገጃጀት፦ ከፈቃድ ጥያቄ እስከ ሜዳ መስመር

ከስፖርት ማኅበራት፣ ከክልል ቢሮዎችና በውጭ አገር ከሚኖሩ ወገኖች አንድ ዓይነት ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል፦ «ከተለያዩ አገራት ዓይነ ስውራን ስፖርተኞችን ጋብዘን ውድድር ማዘጋጀት እንፈልጋለን፤ ከየት እንጀምር?» ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ሆቴሉን መርጠው፣ የመክፈቻውን ሥነ ሥርዓት አስበው፣ የክብር እንግዳውን ሳይቀር ለይተው ነው የሚመጡት። ውድድሩ የሚካሄድበት አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ድምፁን ያዳመጠ ግን የለም። ይህ መመሪያ ሥራውን ከዚያ ያስጀምራችኋል።

የተጻፈው ከስድስት እስከ አሥር አገራት ለሚሳተፉበት፣ ሦስት ስፖርቶችን ለሚይዝ ውድድር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በእንግሊዝ በርሚንግሃም የተካሄደው የዓይነ ስውራን የዓለም ጨዋታዎች አሥር ስፖርቶችን ይዞ ከሺህ በላይ ስፖርተኞችን አስተናግዷል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዘጋጅ ያንን አይሞክር።

ደረጃ 1፦ ስፖርቶቹን ምረጡ፣ ፈቃዱን ጠይቁ

ለጀማሪ የምመክረው ጎልቦልን (ቃጭል ያለባትን ኳስ በእጅ እያንከባለሉ ተቃራኒ ጎል ውስጥ ለማስገባት የሚጫወቱት ነው)፣ የዓይነ ስውራን እግር ኳስንና አትሌቲክስን ነው። ጎልቦል አንድ ጥሩ አዳራሽ ይበቃዋል፤ አትሌቲክስ ያለውን ስታዲየም ይጠቀማል፤ እግር ኳሱ የሚጠይቀው ትልቁ ወጪ የጎን ሰሌዳ ነው። ጁዶ ምንጣፍ፣ የክብደት መለኪያና ልዩ ዳኞች ስለሚፈልግ ለሁለተኛው ዙር አቆዩት።

ጎልቦልንና የዓይነ ስውራን እግር ኳስን የሚመራው ኢብሳ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የዓይነ ስውራን ስፖርት ፌዴሬሽን ነው። አትሌቲክሱ ግን በዓለም ፓራ አትሌቲክስ ሥር ነው። ስለዚህ ማመልከቻው ለሁለት አካላት ይገባል። ፈቃድ በሌለው ውድድር የተመዘገበ ሰዓት ወይም ውጤት ለዓለም አቀፍ ደረጃ አይያዝም፤ ይህን የሚያውቁ አገራትም ቡድን አይልኩም። ከአሥራ ስምንት ወር በፊት ጀምሩ። ከፈቃዱ ጋር የቴክኒክ ተወካይ ይመደብላችኋል፤ ሜዳውን የሚያጸድቀው እርሱ ስለሆነ ሥዕሉንና ልኬቱን አስቀድማችሁ ላኩለት።

ደረጃ 2፦ ቦታውን አዳምጡ

የዚህ ሁሉ ሥራ እምብርት ይህ ነው። ተጫዋቹ ኳሷን የሚያገኛት በውስጧ ባለው ቃጭል ነው። ተቃራኒውን፣ የራሱን ቡድንና የሚመራውን ሰው የሚለየውም በጆሮው ነው። አዳራሹ ከጮኸ ጨዋታው የለም።

አዳራሽ ልትከራዩ ስትሄዱ የጎልቦል ኳስ ይዛችሁ ሂዱ። ውድድሩ በሚካሄድበት ሰዓትና የሳምንቱ ቀን ሂዱ፤ የእሑድ ጠዋት ጸጥታ የማክሰኞን ከሰዓት አይነግራችሁም። አንድ ዓይነ ስውር ባልደረባ በአንዱ ጎል ፊት ይቁም፤ ሌላው ከ18 ሜትር ርቀት ኳሷን በቀስታ ያንከባልል። ባልደረባችሁ ኳሷ የተነሣችበትን ቅጽበትና አቅጣጫ በእጁ ካላመለከተ ችግሩን ፈልጉ። የማራገቢያ ጉርምታ፣ የመብራት እዝታ፣ የለስላሳ መሸጫው ማቀዝቀዣ፣ ከግድግዳው ጀርባ የቆመ ጄኔሬተር፤ ሌላ ሰው ችላ የሚላቸው እነዚህ ድምፆች ኳሷን ይውጧታል።

ውድድሩ በኢትዮጵያ ከሆነ ሦስት ነገር ጨምሩ። አንደኛ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ክረምትን እርሱት፤ ዝናብ ሲወርድ ዳኛው ጨዋታውን ከማቆም በቀር ምርጫ አይኖረውም። ሁለተኛ፣ በአቅራቢያው ያሉትን የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ድምፅ ማጉያዎች የሚሰሙበትን ሰዓት መዝግቡና ዕረፍቱን በዚያ ላይ አድርጉት። ይህ ከጎረቤት ጋር ከመከራከር ይሻላል። ሦስተኛ፣ መብራት ቢጠፋ የሚነሣው ጄኔሬተር ከሕንፃው ምን ያህል እንደሚርቅ በዓይናችሁ እዩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሁለት የጎልቦል ሜዳዎችን በአንድ አዳራሽ ጎን ለጎን አትዘርጉ። የአንደኛው ፊሽካ የሌላውን ጨዋታ ያቆመዋል። በመካከላቸው ግድግዳ ከሌለ ጨዋታዎቹን በተራ አካሂዱ፤ አንድ ቀን ቢጨምርም ይሁን።

የእግር ኳሱ ሜዳ ክፍት አየር ላይ ይሁን። የተዘጋ አዳራሽ ድምፅን ስለሚያስተጋባ ተጫዋቹ ጥሪው ከየት እንደመጣ አይለይም። ከታክሲ መናኸሪያና ከትምህርት ቤት ደወልም ራቁ።

ደረጃ 3፦ መርሐ ግብሩን በድምፅ ላይ ተመሥርታችሁ አውጡ

በአትሌቲክስ ጨርሶ ወይም ከሞላ ጎደል የማያዩ ስፖርተኞች ምድብ ቲ11 ይባላል፤ በከፊል የሚያዩት ቲ12 እና ቲ13 ናቸው። የቲ11 ሯጭ ከመሪ ሯጭ ጋር ስለሚሮጥ በአጭር ርቀት ለአንድ ተወዳዳሪ ሁለት መም ይሰጣል። ስምንት መም ያለው ትራክ አራት ሯጮችን ብቻ ይይዛል ማለት ነው። ለአሥራ ስድስት ተወዳዳሪ ሁለት ማጣሪያ ያዘጋጀ ሰው ጠዋት ላይ አራት ማጣሪያ ይገጥመዋል፤ የቀኑ መርሐ ግብር በሙሉ ይንሸራተታል።

በርዝመት ዝላይ ዘላዩ የሚሮጠው በጠሪው ድምፅና ጭብጨባ እየተመራ ነው። በዚያው ሰዓት የ100 ሜትር ፍጻሜ ካደረጋችሁ የተመልካቹ ጩኸት ጠሪውን ይሸፍነዋል፤ ዘላዩም ከአሸዋው ውጭ ሊያርፍ ይችላል። ይህ የአካል ጉዳት ጉዳይ ነው። የሜዳ ዝላዮችን ለብቻ ሰዓት መድቡ።

በመርሐ ግብሩ ላይ ዓለም አቀፍ የሰዓትና የቀን አቆጣጠር ብቻ ተጠቀሙ። «በ3 ሰዓት» የተባለ አንድ አውቶቡስ ለሾፌሩ ጠዋት፣ ለእንግዳው ከሰዓት ነው።

ደረጃ 4፦ አልጋ ቁጠሩ

ለሆቴል የስፖርተኞችን ቁጥር ብቻ የሚሰጥ አዘጋጅ ሁልጊዜ ይጎድልበታል። እያንዳንዱ የቲ11 ሯጭ መሪ ሯጭ አለው። በረጅም ርቀት ሁለት መሪዎች ተቀያይረው የሚመሩበት ጊዜም አለ። በቲ12 መሪ መያዝ በሯጩ ምርጫ ነው፤ በቲ13 አይፈቀድም። በእግር ኳስ የሚያዩ ግብ ጠባቂዎችና ከጎል ጀርባ ቆሞ የሚመራ ሰው አሉ። የምዝገባ ቅጹ ለእነዚህ ሁሉ የተለየ ረድፍ ይኑረው።

መሪ ሯጭ ሜዳሊያ እንደሚጠብቅም አትርሱ። በፓሪስ 2024 ፓራሊምፒክ ኢትዮጵያዊቷ ያየሽ ጌቴ በ1500 ሜትር ቲ11 ወርቅ ስትወስድ አብሯት የሮጠ ሰው ነበር፤ ሩጫው የሁለት ሰው ሩጫ ነው። ሜዳሊያ ስታዘዙ የመሪዎቹን ጨምሩ።

መሪ ውሻ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ካለ ከስድስት ወር በፊት እወቁ። ውሻው ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ኅብረት ሲመለስ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ የደም ምርመራ ውጤት ይጠየቃል፤ ይህን እንግዳው ከአገሩ ሳይወጣ ቢያስመረምር ብዙ ወራት ከመጠበቅ ይድናል። ሆቴሉም ውሻው ወደ ምግብ አዳራሽ እንደሚገባ በጽሑፍ ይስማማ።

ደረጃ 5፦ የእይታ ደረጃ ምደባ

የማያይ ከማያይ፣ በከፊል የሚያይ ከመሰሉ ጋር እንዲወዳደር የሚያደርገው ምደባው ነው። መሠረታዊዎቹ ደረጃዎች ሦስት ናቸው፤ የሚለኩትም በተሻለው ዓይን፣ መነጽር ከተደረገ በኋላ ነው። ሎግማር የእይታ ጥራት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን እይታው ደካማ ነው።

ቢ1፦ የእይታ ጥራቱ ከሎግማር 2.60 የባሰ።
ቢ2፦ ከሎግማር 1.50 እስከ 2.60፣ ወይም የእይታ መስኩ ስፋት ከ10 ዲግሪ በታች።
ቢ3፦ ከሎግማር 1.0 እስከ 1.40፣ ወይም የእይታ መስኩ ስፋት ከ40 ዲግሪ በታች።

በጎልቦል የሦስቱም ደረጃ ተጫዋቾች ዓይናቸውን ሸፍነው አብረው ይጫወታሉ። በዓይነ ስውራን እግር ኳስ ከግብ ጠባቂው በቀር ተጫዋቾቹ ቢ1 ናቸው።

ለምደባ ቡድኑ የምታቀርቡት ክፍል ጸጥ ያለ፣ መስኮቱ የተሸፈነ፣ ብርሃኑ ከጠዋት እስከ ማታ የማይለዋወጥ ይሁን። ፀሐይ ከደመና ስትወጣ የሚቀየር ክፍል የስፖርተኛውን ውጤትም ይቀይራል። ቡድኖች ከመምጣታቸው በፊት የእያንዳንዱን ስፖርተኛ የሕክምና ቅጽ ሰብስቡ፤ የዓይን ሐኪም የፈረመበትና ከአሥራ ሁለት ወር ያልበለጠ ይሁን። የእይታ መስክ ችግር ያለበት ስፖርተኛ የምርመራ ወረቀቱን ያያይዝ። የቅጹ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው።

ምደባው ከውድድሩ ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድሞ ይለቅ። አንድ አገር በውጤቱ ላይ ቅሬታ ካቀረበ ጉዳዩን የሚያየው ሌላ ቡድን ነው፤ ያንን ሁለተኛ ቡድን አስቀድማችሁ ካልጠራችሁ ቅሬታው ውድድሩን ይዞት ይቆማል። ምደባቸው የጸና ስፖርተኞች ድጋሚ መመርመር አያስፈልጋቸውም፤ ወረፋውን ለአዲሶቹና ለግምገማ ለተያዙት ብቻ አውጡ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ጉዳይ አለ፤ መድኃኒት። ግላኮማ ያለባቸው አንዳንድ ስፖርተኞች አሴታዞላሚድ የሚባል እንክብል ይወስዳሉ። ይህ በአበረታች ንጥረ ነገሮች ዝርዝር የተከለከለ ነው፤ ለሕክምና አስፈላጊ ከሆነ ስፖርተኛው ልዩ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ዶርዞላሚድና ብሪንዞላሚድ የተባሉት የዓይን ጠብታዎች ግን ይፈቀዳሉ። በምዝገባው ደብዳቤ ላይ ይህን ጻፉ። አንድ ስፖርተኛ ዓይኑን ሊያድን በወሰደው ኪኒን ሲታገድ ማየት ያማል።

ደረጃ 6፦ ዕቃዎቹን ሰብስቡ

• የጎልቦል ኳስ፦ 1.25 ኪሎ ግራም፣ ስምንት ቀዳዳ ያለው፣ በኢብሳ የጸደቀ። ለአንድ ሜዳ ቢያንስ አራት። ቃጭሉ የታፈነ ኳስ ወዲያው ይውጣ።
• 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሲባጎና 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፕላስተር፦ ለአንድ የጎልቦል ሜዳ ዙሪያውንና ተሻጋሪ መስመሮቹን ብቻ ስትደምሩ 100 ሜትር ገደማ ይሆናል። እጥፉን ግዙ፤ ፕላስተር በየጨዋታው ይላጣል።
• የሚለጠፍ የዓይን መሸፈኛ፦ በጎልቦል ከመነጽር መሰሉ መሸፈኛ ሥር የሚደረግ ነው። ስድስት ተጫዋች ያላቸው ሁለት ቡድኖች በአንድ ጨዋታ 24 ይጨርሳሉ፤ መጠባበቂያውን ጨምሩ።
• የእግር ኳስ የጎን ሰሌዳ፦ ከ1 እስከ 1.20 ሜትር ከፍታ፣ በሁለቱም ጎን በድምሩ 80 ሜትር።
• ለመሪና ለሯጭ የእጅ ማሰሪያ መጠባበቂያ፦ የማይለጠጥ።
• ለርዝመት ዝላይ መነሻ ነጭ ዱቄት ወይም ኖራ።
• ለዓይነ ስውራን ተመልካቾች አነስተኛ የሬዲዮ ማሰራጫና የጆሮ ማዳመጫ፦ ትረካው በድምፅ ማጉያ ከተላለፈ ተጫዋቹን ይረብሻል።
• በጣት የሚለይ ሜዳሊያ፦ በሪዮ 2016 ፓራሊምፒክ ሜዳሊያው ሲወዘወዝ ይንሿሿ ነበር። ያን ያህል ገንዘብ ከሌላችሁ ለወርቁ አንድ፣ ለብሩ ሁለት፣ ለነሐሱ ሦስት ጭረት በጠርዙ ላይ ማስቆረጥ ይበቃል።

ደረጃ 7፦ ሜዳዎቹን ዘርጉ

የጎልቦል ሜዳ 18 በ9 ሜትር ነው፤ ጎሉ የሜዳውን ስፋት ሙሉ፣ ማለትም 9 ሜትር ይይዛል፤ ከፍታው 1.30 ሜትር ነው። አዘረጋጉ እንዲህ ነው፦

ሀ. ወለሉን በአልኮል ጥረጉና አድርቁ። ሰም ያለበት ወለል ፕላስተር አይይዝም።
ለ. ሲባጎውን ወጥራችሁ ዘርጉ። የላላ ሲባጎ ከፕላስተሩ ሥር ይጠማዘዛል፤ ተጫዋቹም ቦታውን በተሳሳተ መስመር ያሰላል።
ሐ. ፕላስተሩን በላዩ ለጥፉ፤ በመዳፍ እየተጫናችሁ ሂዱ። ቀለሙ ከወለሉ ይለይ፤ ለዳኞች ነው።
መ. ሲባጎ በፍጹም አትቋጥሩ። ተጫዋቾች በጎናቸው ተንሸራተው ኳስ ስለሚመልሱ ቋጠሮ ቆዳ ይልጣል።
ሠ. ዓይናችሁን ጨፍናችሁ መስመሩን ሁሉ በጣት ዳስሱ። በዚህ ጊዜ የምታገኙትን ስሕተት የቴክኒክ ተወካዩ አያገኘውም።

የጎሉን ብረት በስፖንጅ ጠቅልሉ፤ ሰው ሲላተመው እንዳይንቀሳቀስም እሰሩት።

የእግር ኳሱ ሜዳ 40 በ20 ሜትር ነው። ሰሌዳዎቹ ኳሷን ወደ ሜዳ ይመልሳሉ፤ ተጫዋቹም በእነርሱ አቅጣጫውን ይይዛል። ስለዚህ በሰሌዳና በሰሌዳ መካከል ጣት የሚገባበት ክፍተት አይኑር፤ ማያያዣው ብረት በውጭ በኩል ይሁን። ተጫዋች ወደ ኳስ ሲሄድ «ቮይ» (በስፓኒሽ «እየሄድኩ ነው») ማለት ግዴታው ነው፤ ግጭትን የሚከላከለው ይህ ስለሆነ ዳኞቻችሁ ዝምታን እንዳያልፉ አሳስቡ። ግብ ጠባቂው ከኋላ፣ አሠልጣኙ ከመሀል፣ መሪው ከተቃራኒው ጎል ጀርባ ይናገራሉ፤ ለመሪው መቆሚያ ደረቅና የማያንሸራትት ቦታ አዘጋጁ።

በርዝመት ዝላይ የቲ11 መነሻ 1 ሜትር በ1.22 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ነው። ዱቄት ይነስነስበትና ዝላዩ ከእግሩ አሻራ ይለካል። ከእያንዳንዱ ዝላይ በኋላ የሚያስተካክል ሰው መድቡ።

አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የረጅም ርቀት ቡድኖች ቀደም ብለው መምጣት ሊፈልጉ ይችላሉ። በጥሪው ደብዳቤ ላይ ጥቀሱት።

ደረጃ 8፦ ማደሪያ፣ መንገድና ምግብ

ከሆቴሉ እስከ ሜዳው ያለውን መንገድ ነጭ በትር ከሚይዝ ሰው ጋር ሂዱት። ክዳን የሌለው የፍሳሽ ቱቦ፣ በእግረኛ መንገድ ላይ የተተከለ ምሰሶ፣ በግንባር ከፍታ የተንጠለጠለ የሱቅ ታዛ ካለ አስተካክሉ፤ ካልተቻለ መንገዱን ቀይሩ። እንግዶች በደረሱበት ቀን ክፍሉን፣ ደረጃውንና የአደጋ ጊዜ መውጫውን እየዳሰሱ ይጎብኙ። ከዚያ በኋላ ወንበር እንኳ ከቦታው አይነሣ።

በጎ ፈቃደኞችን አንድ ሙሉ ቀን አሠልጥኑ። እንግዳው ክርናቸውን ይይዛል እንጂ እነርሱ እንግዳውን አይጎትቱም። ሲመጡ ስማቸውን ይናገሩ፤ ሲሄዱም «ሄጃለሁ» ይበሉ። ባዶ ወንበር ሲያነጋግር የተተወ ሰው ያንን ቀን አይረሳውም።

ሳህን ላይ ያለውን ምግብ በሰዓት አቅጣጫ መናገር የተለመደ ነው፤ እዚህ ጋ ግን ወጥመድ አለ። የእኛ አስተናጋጅ «ሩዙ ስድስት ሰዓት ላይ ነው» ሲል በልቡ የላይኛውን ጫፍ ሊያስብ ይችላል፤ እንግዳው ግን ወደ ታች ይሄዳል። በሰዓቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እንዲናገሩ አስጠንቅቁ።

ደረጃ 9፦ መረጃውን የሚሰማ አድርጉት

ፎቶ የተነሣ ደብዳቤና ማኅተሙ እንዲታይ ስካን የተደረገ መርሐ ግብር ለስክሪን አንባቢ ባዶ ገጽ ነው። ጽሑፉን በጽሑፍነቱ ላኩት። የአማርኛውን ሰነድ በዩኒኮድ ጻፉ፤ በድሮዎቹ የግዕዝ ፊደል ሶፍትዌሮች የተጻፈ ሰነድ ለዓይን ደህና ቢመስልም ስክሪን አንባቢው ትርጉም የሌለው ድብልቅልቅ ያነብበታል። ዕጣ፣ ውጤትና የሰዓት ለውጥ በድምፅ ይነገር፤ በዚያው ደቂቃም በቴሌግራም ይላክ።

ደረጃ 10፦ የውድድሩ ቀን

ተመልካቹን አሠልጥኑት። አስተዋዋቂው ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ያለማምድ፦ ዳኛው «ኳየት ፕሊስ» (በእንግሊዝኛ «እባካችሁ ጸጥታ») ሲል ፍጹም ጸጥታ፤ ጎል ሆኖ ፊሽካ ሲነፋ እልልታ፤ ቀጣዩ ጥሪ ሲሰማ እንደገና ጸጥታ። ሕዝባችን በደስታ ጊዜ ዝም ማለት ይከብደዋል፣ ግን ሁለት ጊዜ ከተለማመደ ይገባዋል፤ እንዲያውም ይወደዋል። ስልክ ይጠፋ፤ ሕፃን የያዘ ሰው በር አጠገብ ይቀመጥ።

ለጎልቦል ሁለት የሜዳ ዳኞች፣ አራት የጎል ዳኞች፣ የሰዓትና የነጥብ መዝጋቢዎች ያስፈልጋሉ። ጨዋታው ሁለት ጊዜ 12 ደቂቃ ነው፤ በአንድ ጨዋታና በሌላው መካከል ግን ፕላስተር ለመጠገን ጊዜ ተዉ።

የአደጋ ጊዜ ልምምድ በመጀመሪያው ቀን ይደረግ። ደወል ብቻውን «ውጡ» ይላል እንጂ «በዚህ ውጡ» አይልም፤ በየመውጫው ቆሞ የሚጣራ ሰው መድቡ።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

ርችት። የመክፈቻው ርችት ለዓይነ ስውር እንግዳ ድንገተኛ ፍንዳታ ብቻ ነው፤ መሪ ውሾችንም ያስበረግጋል። ገንዘቡን ለፕላስተር አውሉት።

ስፖርተኛውን ትቶ መሪውን ማነጋገር። «ስሙ ማን ነው? ምን ይበላል?» አይባልም። ራሱን ጠይቁት።

በዕረፍት ሰዓት ሙዚቃ ከፍቶ ጨዋታው ሊጀመር ሲል መዝጋት። ጆሮ ወደ ቃጭሉ ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሙዚቃው ቢያንስ ሁለት ደቂቃ ቀድሞ ይቁም።

መደገፊያ የሌለው የሽልማት መድረክ። ሦስቱም ደረጃዎች የሚያዝ ብረት ይኑራቸው፤ ተሸላሚውም ከሥነ ሥርዓቱ በፊት አንድ ጊዜ ወጥቶ ይውረድበት።

ውጤቱን ማዘግየት። ውድድሩ በተጠናቀቀበት ሌሊት ውጤቱን ፈቃድ ለሰጡት ሁለቱም አካላት ላኩ፤ የቴክኒክ ተወካዩ ከመሄዱ በፊት ይፈርምበት።

ፕላስተሩን ለሳምንት መተው። ሙጫው ሲደርቅ ከወለሉ ጋር ይላጣል፤ የአዳራሹም ባለቤት ሁለተኛ አያከራያችሁም። በዚያው ምሽት ጫፉን ይዛችሁ ወደ ራሱ እያጠፋችሁ፣ ከወለሉ ሳትርቁ ቀስ ብላችሁ አንሡት፤ የቀረውን ሙጫ በአልኮል ጥረጉ።